ድምፅና ቀመሩ፦ አማተር ሬዲዮ ከአራዳ እስከ ሳተላይት

ድምፅ በሽቦም ሆነ በአየር ሲጓዝ ለብዙ ዘመን የማንም ንብረት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1894 ሥራው የተጀመረው የሐረርና የአዲስ አበባ የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ቢረዝምም አሠራሩ ቀላል ነበር፤ የተናጋሪው ድምፅ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይሆናል፣ ሞገዱ ከነውጣ ውረዱ በሽቦው ይሄዳል፣ በወዲያኛው ጫፍ ያለ ማንኛውም ቀፎ መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። ካህናቱ መሣሪያው ሰይጣን ያደረበት ነው ብለው ለአፄ ምኒልክ አቤት ማለታቸው ደጋግሞ ይነገራል። መሣሪያውን ይጠርጥሩት እንጂ ከውስጡ የሚወጣውን ቃል ለመስማት ጆሯቸው ብቻ በቂ ነበር።

ሬዲዮም ሲመጣ ይህን ጠባይ አልለወጠም። ንፋስ ስልክ ለሚባለው ሰፈር ስም ያወጣለት የሽቦ አልባ ጣቢያም ሆነ የጣሊያኑ አንሳልዶ ኩባንያ የሠራው የአቃቂ ጣቢያ የሚረጩት ሞገድ ተቀባዩን አይመርጥም ነበር። በ1928 ዓ.ም. አዲስ ዓመት ሰሞን፣ ጦርነቱ ሊፈነዳ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከአቃቂ ለአሜሪካ ሕዝብ ንግግር ሲያደርጉ አጭር ሞገድ የሚይዝ ሬዲዮ ያለው ሁሉ፣ ሬዲዮው የየትም አገር ሥራ ይሁን፣ ማዳመጥ ይችል ነበር። ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ለአፍሪካና ለእስያ ያሰራጭ የነበረው የብሥራተ ወንጌል ጣቢያም አድማጮቹን ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው።

በአራዳ፣ የፒያሳ ሬዲዮ ጠጋኝ ሙያም የቆመው በዚህ ላይ ነው። የተበላሸ ሬዲዮ ሲመጣለት ጀርባውን ይፈታል፤ መልቲሜትሩን ይዞ ከአንቴናው ጀምሮ ሞገዱ የሚሄድበትን መንገድ እየተከተለ እስከ ድምፅ ማጉያው ይወርዳል፤ የሞተውን ትራንዚስተር ወይም ያበጠውን ካፓሲተር ሲያገኝ በመበየጃ ነቅሎ ሌላ ይተክላል። ከአንዱ ኩባንያ አሮጌ ሬዲዮ የወጣ ዕቃ ለሌላው ኩባንያ ሬዲዮ ይሆናል። ፋብሪካው የሰጠው ሥዕላዊ ንድፍ ባይኖር እንኳ ዓይንና ጆሮ ያለው ሰው ከሞገዱ ራሱ ብዙ ያነባል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ቤቶች መፍረስ ከመጀመራቸው አስቀድሞም ቢሆን ይህ ሙያ መመናመን ይዞ ነበር፤ አንደኛው ምክንያት የመሣሪያው ሆድ ዕቃ ወደማይከፈት ቺፕ መጠቅለሉ ነው።

አማተር ሬዲዮ የዚህ ሙያ የቅርብ ዘመድ ነው። ለትርፍ ሳይሆን ለትምህርት፣ ለሙከራና ለወዳጅነት ሲባል ፈቃድ አውጥቶ በሞገድ መነጋገር ማለት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1932 የገባችበት ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለአገሪቱ በኢ ቲ፣ በ9 ኢ እና በ9 ኤፍ የሚጀምሩ መጠሪያዎችን መድቧል። በንጉሡ ዘመን የኢትዮጵያን መጠሪያ ይዘው ከሚሰሙት መካከል በአስመራው ቃኘው ጣቢያ የነበሩ አሜሪካውያን ይገኙበታል። በደርግ ጊዜ የግል ማሰራጫ በጥርጣሬ ዓይን ስለሚታይ ከኢትዮጵያ የሚሰማ አማተር ብርቅ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ፣ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ፣ ከፒያሳ በአራት ኪሎ በኩል ሽቅብ ሲወጡ በሚገኘው በአምስት ኪሎው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ቅጥር ግቢ ሥራ ይዟል። ጣቢያው የምህንድስና ተማሪዎች መለማመጃ መሆኑ ለዚህ ታሪክ ትልቅ ቦታ አለው፤ ተማሪ የሚፈልገው የሚሠራ ሬዲዮ ብቻ ሳይሆን ተፈትቶ የሚታይ ሬዲዮ ነውና።

አማተሮች ወደ ጠፈር የወጡት ከስፑትኒክ አራት ዓመት ብቻ ዘግይተው ነው። ኦስካር 1 የተባለችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታቸው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 1961 ስትተኮስ ክብደቷ ከ5 ኪሎ ግራም ያነሰ ነበር፤ ሥራዋም በሞርስ ኮድ ሁለት ፊደል እየደጋገሙ ሰላምታ መስደድ ብቻ። ድምፅ ከምድር ተቀብሎ ወደ ምድር የሚመልስ ሳተላይት በ1965 በኦስካር 3 ተሞከረ። ከነዚህ ሁሉ የሚደንቀው ግን እ.ኤ.አ. ኅዳር 15 ቀን 1974 የተተኮሰው ኦስካር 7 ነው። ባትሪው ተበላሽቶ በ1981 ዝም አለ፤ ሞተ ተብሎ ከተረሳ በኋላ በ2002 በድንገት መናገር ጀመረ። የተበላሸው ባትሪ የፈጠረው አጭር ዑደት ከጊዜ ብዛት ተበጥሶ ኖሮ፣ የፀሐይ ብርሃን ባገኘ ቁጥር ይነቃል፣ ጥላ ውስጥ ሲገባ ይተኛል።

ኦስካር 7 የተሸከመው መሣሪያ መስመራዊ ትራንስፖንደር ይባላል። ከታች የመጣለትን የሞገድ ቁራጭ ምንነቱን ሳይመረምር ወደ ሌላ ድግግሞሽ አዛውሮ፣ አጉልቶ ይመልሰዋል። ሞርስም ይሁን ሰው የሚናገረው ድምፅ፣ ወይም ሳተላይቱ ሲሠራ ገና ያልታሰበ የዲጂታል ቀመር፣ ለእሱ ሁሉም ያው ሞገድ ነው። ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ኋላ የተነሣው የክፍትና የዝግ ቀመር ክርክር በሳተላይት ላይ ከምድሩ የተለየ መልክ የያዘው በዚህ ምክንያት ነውና።

ክርክሩ የመጣው ድምፅ ቁጥር ሲሆን ነው። ንግግርን በሰከንድ 8,000 ጊዜ እየለኩ እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት ቢጽፉት በሰከንድ 128,000 ቢት ይወጣዋል፤ ይህ ለጠባብ የሬዲዮ መስመር አይቀመስም። ስለዚህ ቮኮደር የሚባል ብልሃት ተፈለገ። ቮኮደር ድምፁን ራሱን አይልክም። ንግግሩን ወደ 20 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ርዝመት ባላቸው ቁርጥራጮች ከፍሎ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ የጉሮሮው ንዝረት ስንት እንደሆነ፣ የቱ የድምፅ ክፍል ንዝረት እንዳለው፣ የቱ ትንፋሽ ብቻ እንደሆነ፣ የአፍ ቅርጽ የትኛውን ድምፅ እንዳጎላ መዝግቦ ይልካል። ድጓ ላይ የሰፈረው ምልክት ዜማውን እንደማይዝ፣ ግን ለሚያውቀው እንዴት እንደሚዜም እንደሚነግረው ማለት ነው። በዚህ ብልሃት 128,000ው ቢት ወደ 2,400 እና ከዚያም በታች ይወርዳል። ምልክቱን ያልተማረ ተቀባይ ግን ምንም አይሰማም።

የምልክቶቹ ባለቤት ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። የጃፓን አማተር ሬዲዮ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አጥንቶ ያወጣው ዲ-ስታር የመጀመሪያው ሰፊ የአማተር ዲጂታል ድምፅ ነበር። ደንቡ ታትሞ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ድምፁን የሚጨምቀው ቮኮደር ግን በማሳቹሴትስ የሚገኝ የአንድ ኩባንያ ንብረት የሆነው ኤኤምቢኢ ነው። ኩባንያው ውስጡን አይገልጽም፤ ቺፕ ይሸጣል፣ ወይም ለፋብሪካ ፈቃድ ይሰጣል። በ2005 የአውሮፓ መሥፈርት ሆኖ የወጣውና ለጥበቃ፣ ለፋብሪካና ለታክሲ ሬዲዮ የታሰበው ዲኤምአር፣ በ2013 ያዬሱ ኩባንያ ያመጣው ሲስተም ፊውዥንም የተከታዩን ትውልድ፣ የኤኤምቢኢ ፕላስ 2ን ቀመር ይጠቀማሉ። የኢሪዲየም የሳተላይት ስልክም በዚሁ ቤተሰብ ቀመር ነው የሚናገረው። ኩባንያው ቀመሩን በመልካም መሥራቱ አይካድም፤ በዚያ ዘመን በ2,400 ቢት እንደ እሱ የሚናገር ጥቂት ነበር።

ሕጉ ላይም ክርክር ተነሣ። የዓለም አቀፉ ኅብረት የሬዲዮ ደንብ አማተሮች ትርጉም ለመሰወር ብለው ንግግራቸውን እንዳይመሰጥሩ ይከለክላል። የዝግ ቮኮደር ደጋፊዎች ‹‹ማንም ቺፑን ገዝቶ ሊሰማ ስለሚችል ምስጢር የለበትም›› ይላሉ፤ በሕጉ ቃል ከሄድን ልክ ናቸው። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ አማተር ሬዲዮ የተፈቀደው ለመማሪያ ሆኖ ሳለ፣ በሬዲዮው ውስጥ ሊታይ፣ ሊሻሻልና ሊሠራ የማይችለው አንድ ክፍል በትክክል የትምህርቱ እምብርት መሆኑን ያነሣሉ። ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው ወገን ያጋድላል። ቺፑን መግዛት መቻል በቶኪዮና በቦስተን ቀላል ይሆናል፤ የውጭ ምንዛሪ በሚጠበቅበት፣ ማሰራጫ ዕቃ ሁሉ በቁጥጥር በሚገባበት አገር ግን ‹‹ማንም›› የሚለው ቃል በጣም ይጠብባል።

አራዳ ይህን ጠብ በድምፅ ባይሆን በፊደል አስቀድማ አይታዋለች። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. በፒያሳና በአራት ኪሎ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ሲበራከቱ አማርኛ የሚጻፈው አጋፋሪ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ እና ሌሎችም በሚባሉ ፕሮግራሞች ነበር። እያንዳንዱ ለ‹‹ሀ›› የራሱን ቁጥር ይሰጣል። በአንዱ የተጻፈ ማመልከቻ ወይም መመረቂያ ጽሑፍ በፍሎፒ ተይዞ ሌላ ቤት ሲከፈት የላቲን ፊደላትና የሥርዓተ ነጥብ ዝባዝንኬ ይሆናል፤ ባለጉዳዩም መጀመሪያ ወደ ጻፈለት ቤት ይመለሳል፣ ወይም ከ‹‹ሀ›› እንደገና ያስጽፋል። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ደንብ በ3.0 እትሙ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደልን ሲያካትት ለእያንዳንዱ ፊደል የማንም ያልሆነ ቁጥር ተሰጠው። ለውጡ በአንድ ቀን አልመጣም፤ ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ዓመት አለፈ፣ የድሮ ፋይሎችም እስከ ዛሬ በየቢሮው አሉ። ፕሮግራሞቹን የሠሩት ባለሙያዎች ያለ እነሱ አማርኛ ኮምፒውተር ላይ ባልወጣ ነበርና ሊመሰገኑ ይገባል። ቢሆንም የጽሑፉ ዕድሜ በፕሮግራሙ ዕድሜ ታስሮ ነበር።

በድምፁ በኩል ዩኒኮድን የመሰለ ሥራ የጀመረው አውስትራሊያዊው ዴቪድ ሮው ነው። አሜሪካዊው ብሩስ ፔሬንስ የኤኤምቢኢን ጉዳይ ደጋግሞ ካነሣ በኋላ፣ ሮው እ.ኤ.አ. በ2009 ኮዴክ 2 የተባለውን ቮኮደር መጻፍ ጀመረ። ቀመሩ፣ ምንጭ ኮዱና የሠራባቸው ሙከራዎች ሁሉ ይፋ ናቸው። ከ3,200 እስከ 700 ቢት በሰከንድ የሚወርዱ ዓይነቶች አሉት፤ በእሱ ላይ የቆመው ፍሪዲቪ የሚባለው ፕሮግራም በ2012 ወጣ። ፍሪዲቪ ተራ ላፕቶፕ ከነድምፅ ካርዱና አንድ የቆየ ሬዲዮ ብቻ ይፈልጋል። በ2019 ደግሞ በፖላንድ የተጀመረው ኤም 17 ኮዴክ 2ን ይዞ፣ ከሞገዱ ቅርጽ እስከ መጠሪያው አጻጻፍ ሁሉን ክፍት ያደረገ ሙሉ ደንብ አወጣ። ድምፁ መጀመሪያ ላይ እንደ ዝጉ ያማረ አልነበረም፤ ይህን የሚክድ ሰው ጆሮውን መታጠብ አለበት።

ሁለቱ ወገኖች ሳተላይት ላይ ሲገናኙ የሆነው እንዲህ ነው። በቤልጅየም የሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠሯት ኡፍቲ 1 የዲ-ስታር ድምፅ ማስተላለፊያ ይዛ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 2016 ወጣች፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ዝም አለች። ዲ-ስታር ዋን የተባለችው የጀርመን ሳተላይት በኅዳር 2017 ከቮስቶችኒ በሶዩዝ ሮኬት ተጭና የሮኬቱ የላይኛ ክፍል የተሳሳተ የመነሻ ቦታ ስሌት ይዞ ስለነበር ምሕዋር ሳትደርስ ጠፋች፤ ምትኳ በየካቲት 2018 ተሳካላት። በዚያው በ2017 የቻይናው የሃርቢን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሊላክሳት 1 ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተለቀቀች። ይቺ የተለየ ዘዴ ነበራት፤ ከምድር ተራ የኤፍኤም ድምፅ ትቀበልና ራሷ በኮዴክ 2 ጨምቃ በዲጂታል ትመልሳለች። ስለዚህ ለመናገር ተራ የእጅ ሬዲዮ፣ ለመስማት ነፃ ፕሮግራም ይበቃ ነበር።

ዲኤምአር በዚህ መስክ የባሰ ችግር አለበት። አንዱን መስመር በ30 ሚሊ ሰከንድ ተራ ለሁለት ተናጋሪ ስለሚያካፍል፣ ተራው እንዳይደበላለቅ ሁሉም ከማስተላለፊያው ብዙ ሳይርቁ መቆም አለባቸው። ለከተማ ሕንፃ ላይ ጣቢያ ይህ አያስቸግርም፤ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቃ በፍጥነት ለምታልፍ ሳተላይት ግን ሞገዱ የሚዘገየው ከተራው መጠበቂያ በላይ ነው። በ435 ሜጋኸርዝ ላይ ደግሞ ሳተላይቷ ስትቀርብና ስትርቅ ድግግሞሿ ወደ 10 ኪሎኸርዝ ያህል ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል፤ ይህም ማንኛውንም ዲጂታል ተቀባይ ይፈትናል።

ለአዲስ አበባ ከሁሉ የሚመቸው በኳታሩ ሳተላይት ኢስሃይል 2 ላይ የተጫነው ኪው ኦ 100 የተባለ የአማተር ማስተላለፊያ ነው። ኢስሃይል 2 የተተኮሰው እ.ኤ.አ. ኅዳር 15 ቀን 2018 ነው፤ በአጋጣሚ ኦስካር 7 ከወጣ ልክ በ44ኛ ዓመቱ። ለአማተሮች በየካቲት 2019 የተከፈተው ይህ ማስተላለፊያ በ36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ 26 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ከምድር ጋር እኩል እየዞረ ይቆማል። የአረብሳት ባድር ሳተላይቶች የሚገኙትም እዚያው ነው፤ አረብሳት ለማየት የተቃና ዲሽ ኪው ኦ 100ንም ያያል ማለት ነው። ከፒያሳ ጣሪያ ላይ ሳተላይቱ በደቡብ ምዕራብ በኩል ወደ 72 ዲግሪ ገደማ ይታያል፤ ዲሹ ሽቅብ አንጋጦ ይተከላል። ወደ ምድር የሚልከው በ10,489.5 ሜጋኸርዝ ዙሪያ ነው። ይህ ከተለመደው የቴሌቪዥን ባንድ ትንሽ ዝቅ ቢልም በዲሹ ፊት የሚታሠረው ተራ ኤልኤንቢ ይይዘዋል፤ ኤልኤንቢው 9,750ውን ቀንሶ በ739 ሜጋኸርዝ አካባቢ ወደ ኬብሉ ያወርደዋል። ያንን በርካሽ የዩኤስቢ ተቀባይ ላፕቶፕ ላይ መክፈት ይቻላል። ወደ ላይ መላክ ግን ሌላ ነው፤ በ2,400 ሜጋኸርዝ፣ ከዋይፋይ ጎን ስለሚላክ ጥቂት ዋት፣ ዲሽና ከሁሉ በፊት ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱን ቀድሞ ይሰጥ የነበረው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኤጀንሲ ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ሥልጣኑ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሆኗል።

ኪው ኦ 100ም እንደ ኦስካር 7 መስመራዊ ነው። በጠባቡ ክፍሉ ላይ ግን አንድ ተናጋሪ ከ2.7 ኪሎኸርዝ በላይ እንዳይዝ ደንብ አለ። ዲ-ስታር 6 ኪሎኸርዝ ያህል፣ ዲኤምአርና ሲስተም ፊውዥን የ12.5 ኪሎኸርዝ መስመር ስለሚፈልጉ እዚያ ቦታ የላቸውም፤ ክፍት የሆነው ኤም 17 እንኳ ይሰፋል። ፍሪዲቪ ግን ከ1 ኪሎኸርዝ ብዙም ሳይበልጥ ይገባል። በ1974 የተሠራው ኦስካር 7ም በመርህ ደረጃ ከ38 ዓመት በኋላ የተጻፈውን ፍሪዲቪ ማሳለፍ ይችላል፤ የኡፍቲ 1 ዓይነት ሳተላይት ግን ዕድሜ ቢሰጣትም ይዛው ከወጣችው የዲ-ስታር ደንብ ሌላ አታውቅም፤ ምሕዋር ላይ ሄዶ ቺፕ የሚቀይር የለም። ስለዚህ በሳተላይት ላይ ክፍትነት በሁለት ቦታ ይጠየቃል፦ ምድር ላይ በቮኮደሩ፣ ሰማይ ላይ በማስተላለፊያው። ሁለተኛው የበለጠ ይመዝናል።

የአምስት ኪሎ ተማሪ ከክፍት ቮኮደር የሚያገኘው ሌላም ጥቅም አለ፣ እሱም በቋንቋው የሚመጣ ነው። ‹‹ጠራ›› እና ‹‹ተራ›› በመጀመሪያ ድምፃቸው ይለያሉ። ጠ ሲባል ጉሮሮ ተዘግቶ አየሩ ታምቆ በአጭር ፍንዳታ ይወጣል፤ ተ ሲባል ግን ከፍንዳታው ኋላ ትንፋሽ ይከተላል። ይህ ሁሉ በጥቂት አሥር ሚሊ ሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። የኮዴክ 2 የ1,300 ቢት ዓይነት ንግግሩን በ40 ሚሊ ሰከንድ ቁርጥራጭ፣ በ52 ቢት ስለሚያስቀምጥ ቀ፣ ጨ፣ ጸ እና ጠ የበዙበትን ዓረፍተ ነገር ሊያደበዝዝ ይችላል። የእንግሊዝኛ አድማጭ ይህን ጉድለት ላያስተውለው ይችላል፣ በቋንቋው እነዚህ ድምፆች ቃል አይለዩምና። በቺፕ ውስጥ የታሸገ ቮኮደር ይህን ቢያበላሽ ተጠቃሚው ቃሉን ከመድገም ሌላ ምርጫ የለውም። ምንጭ ኮዱ ያለው ተማሪ ግን አንድ የአማርኛ ቅጂ አስገብቶ፣ የተጨመቀውን አውጥቶ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድምጦ፣ የቁርጥራጩን ርዝመት ወይም የቢቱን ክፍፍል ቀይሮ እንደገና መሞከር ይችላል።

የዝጉ ወገን ጊዜም እያለፈ ነው። ዲ-ስታር የሚጠቀምበት የቀድሞው ኤኤምቢኢ ፓተንት እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ ማብቂያ ግድም አብቅቷል፤ የተከታዩ ትውልድ ግን ገና በጥበቃ ሥር ነው። ክፍቱ ወገን በበኩሉ መንገድ ቀይሯል። የፍሪዲቪ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ለሙከራ ያቀረቡት ራዴ የተባለው ዘዴ የጉሮሮ ንዝረትን በእጅ በተጻፈ ቀመር ከመመዝገብ ይልቅ ድምፅን በነርቭ መረብ ይጨምቃል፤ መረቡም ከተቀዳ የሰው ንግግር ይማራል። ያማረ ድምፅ በማውጣት ከዝጎቹ ጋር የሚወዳደረው አሁን ነው። እንዲህ ያለ መረብ የሚያውቀው የሰማውን ነው፤ የማሠልጠኛ ፕሮግራሙ ከነምንጭ ኮዱ ስለተለቀቀ ግን የአማርኛ ንግግር ጨምሮ እንደገና ለማሠልጠን የሚያስፈልገው በቂ ቅጂ፣ ኮምፒውተርና ጊዜ ነው።